የሦስተኛው አንቀጽ ሰሞን

ባለፈው ሳምንት ሲቀላ ገበያ ወርጄ ስመለስ ከላንቴ ሙዝ ጭኖ የመጣ አይሱዙ መንገዱን ዘግቶ ቆሟል። የባጃጁ ሾፌር ጥሩምባውን ይነፋል፣ ረዳቱ ከላይ ሆኖ ሸራውን ይገልጣል፣ እኔ ደግሞ ጉልበቴን እያሻሸሁ ጥላ ፍለጋ ወደ መኪናው ጎን ጠጋ አልኩ። ያኔ ነው ሙዙን ያለበሱበት የእርጥብ ቅጠል ሽታ የመጣብኝ። ሰው የሙዝ ቅጠል ደግሞ ምን ሽታ አለው ይላል። አለው፤ ቀዝቀዝ ያለ፣ ትንሽ ጎምዘዝ የሚል ሽታ ነው። አንድ ሰሞን አዳራሻችንን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶት ነበር። መድረኩን በሙዝ ቅጠል አስጊጠን፣ ከነግንዱ የቆረጥነውን ሙዝ በበሩ ግራና ቀኝ አቁመን፣ ከመላው አገር የመጡ ሰዎች የአንድ ጎረቤት አገርን ጉዳይ ሊወስኑ ከተማችን የገቡ ጊዜ ነው። የባጃጁ ሾፌር «እማማ፣ ይግቡ እንጂ» ሲለኝ ነው የባነንኩት። እማማ ማለቱን አልወደድኩለትም። የዚህን ከተማ ግማሽ ሰው ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ነኝ፤ ቲቸር ነው የምባለው።

ያን ጊዜ ባጃጅ የሚባል ነገር አርባ ምንጭ አልገባም። ከሴቻ ሲቀላ የሚወርድ ሰው ወይ ሚኒባስ ይጠብቃል ወይ አቧራውን እየጠጣ በእግሩ ይወርዳል፤ መውረዱስ ቀላል ነው፣ መውጣቱ ነው ጣጣው። ሙዝ ኪሎው አንድ ብር ከገባ ተወደደ ተብሎ ይታማል። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት የነበረችው አሳ ቤት ኮተሌቱን ከዳጣና ከዳቦ ጋር በአምስት ብር ታቀርብ ነበር፤ ባለቤቷ ሳህን ሲያልቅባት በሙዝ ቅጠል ላይ ትሰጠናለች፣ እኛም እናማርራለን። ዛሬ ያንኑ አሳ በሙዝ ቅጠል የሚያቀርቡት ሆቴሎች ምን ያህል እንደሚያስከፍሉ ባወራ ደሜ ይፈላል። ማዕዘኑ ላይ ያለው ካሴት ቤት ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ አዙሮ አንድ የክራር ዘፈን ጠዋት ይከፍትና ማታ ይዘጋዋል፤ ተማሪዎቼ ፈተና ላይ ሳይቀር ሲያንጎራጉሩት እሰማ ነበር። እኛ ሴት መምህራን ፕሊሲ ቀሚስ በሹራብ እንለብሳለን። በዚያ ሙቀት ሹራብ ምን እንደሚሠራ ብትጠይቁኝ መልስ የለኝም፤ ያኔ ግን ያለ ሹራብ ክፍል የገባች መምህርት ራቁቷን የገባች ያህል ትታይ ነበር። ሞባይል ያለው ሰው ቀበቶው ላይ በቆዳ ማኅደር ያንጠለጥለውና ሳይደወልለት ያነሳዋል። ዓመተ ምሕረቱን አልጠራም፤ ብጠራው ከጡረተኛ ጓደኞቼ አንዱ ተሳስተሻል ይለኝና ክርክሩ ትዝታዬን ይበላብኛል።

ማህበራችን ረጅም የከበደ ስም ነበረው፤ እኛ ግን «ማህበሩ» ብቻ ነበር የምንለው። በየከተማው ቅርንጫፍ አለው፤ መምህር፣ ነጋዴ፣ ነርስ፣ ገበሬ፣ ጡረተኛ፣ መዋጮውን የከፈለ ሁሉ አባል ነው። በወር አንድ ጊዜ ተሰብስበን ስለ አገራችን እንወያያለን፤ በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ከየቅርንጫፉ የተመረጡ ተወካዮች በጠቅላላ ጉባኤ ተገናኝተው የአቋም መግለጫ ያወጣሉ። ስለ ትምህርት፣ ስለ ጤና፣ ስለ ውኃ፣ በመጨረሻም ስለ ውጭ ጉዳይ። ይህን የውጭ ጉዳይ መግለጫ ከእኛ ሌላ ማን እንደሚያነበው እግዜር ይወቅ። ሰዉ ግን የሚወደው እሱን ነበር። ስለ ጉድጓድ ውኃ ሲነገር ሲያንጎላጅ የዋለ ተወካይ የውጭ ጉዳይ ሲባል ክራቫቱን አስተካክሎ ይቀመጣል። ያልተሻገረውን ወንዝ፣ ያላየውን ወደብ፣ ስሙን በቅጡ የማይጠራውን ጄኔራል እያነሳ ሲከራከር ብታዩት ነገ አምባሳደር ሆኖ የሚሾም ይመስላችኋል። እኔም ከነሱ አንዷ ነበርኩ። የጂኦግራፊ መምህርት ካርታ ከተዘረጋላት አፏን መያዝ አይሆንላትም።

የአርባ ምንጭ ቅርንጫፍ ኩራት ግን የአቋም መግለጫ አልነበረም፤ የሳራ የእሁድ ትምህርት ነበር። ሳራ የተወለደችው ድንበር ማዶ ነው። የዚያችን አገር ስም አልጠራም፤ ዛሬ ታርቀናል፣ ነገ ምን እንደሚሆን አይታወቅም። የእኛን ከተማ ልጅ፣ የከባድ መኪና ሾፌር አግብታ ገና በወጣትነቷ መጣች፤ ባሏ ሞተ፣ እሷ ቀረች። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሲቀላ ባለችው የማህበሩ ክፍል አሳ የሚሸጡትን፣ ሙዝ የሚሸከሙትን፣ ጉልት የሚቀመጡትን ሴቶች ሰብስባ ማንበብና መጻፍ ታስተምራለች። ደመወዝ የላትም። ሴቶቹ ቶሎ ስማቸውን መፈረም ይፈልጋሉ፤ እሷ ደግሞ «የምትፈርሚበትን መጀመሪያ አንብቢ» ብላ ፊርማን የመጨረሻ ትምህርት አድርጋዋለች። ዛሬ ሲቀላ ውስጥ ውሏን ራሷ አንብባ የምትፈርም ነጋዴ ብታዩ የሳራ ተማሪ ናት፣ አለዚያም የተማሪዋ ልጅ ናት። እኔና እሷ ጓደኛሞች ነን። ብዙ አታወራም፤ የኔ ወሬ ለሁለታችን ይበቃል።

ጉባኤው አንድ ጊዜ እንኳ አርባ ምንጭ እንዲሆን ዓመታት ለምነን በመጨረሻ ተፈቀደልን። ደስታችንን ሳንጨርስ ከሳራ የትውልድ አገር ጋር ድንበሩ ላይ ችግር ተነሳ፣ ሰው ሞተ፣ ሬዲዮኑ ጠዋት ማታ ስለዚያ ብቻ ያወራ ጀመር። ከዋናው መሥሪያ ቤት የውጭ ጉዳይ የአቋም መግለጫ ረቂቅ ተላከልን። ያረቀቁት የውጭ ጉዳይ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ይትባረክ ናቸው፤ በዚያችው ጎረቤት አገር በኤምባሲ ለረጅም ጊዜ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ንግግራቸው የተመጠነ፣ ሳፋሪያቸው የተተኮሰ ሰው። አንደኛው አንቀጽ የጎረቤቲቱን መንግሥት ያወግዛል። ሁለተኛው ድንበሩ እንዲዘጋ ይጠይቃል። ሦስተኛው በዚያ አገር የተወለዱ የማህበሩ አባላት ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስ ከአባልነት እንዲታገዱ ይላል። በማህበሩ ክፍል ውስጥ ማስተማር የሚችል ደግሞ አባል ብቻ ነው። ረቂቁ ሲደርሰን ሳራ የእንግዶቹን አንሶላና ትራስ እያጣጠፈች ነበር። ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ቀስ ብላ እስከ መጨረሻው አነበበችው፣ መለሰችልኝ፣ ከዚያ ለእንግዶቹ ትራሱ ያንስ እንደሆነ ጠየቀችኝ። የሚያግዷትን ሰዎች ራስጌ ታሰናዳለች። ያን ቀን ይህ አንቀጽ በኔ ከተማ፣ በኔ አዳራሽ አያልፍም ብዬ ማልኩ።

መማል ቀላል ነው። በደንባችን መሠረት ማሻሻያ የሚያቀርብ ተወካይ የራሱ ቅርንጫፍ ሊቀመንበር ተነስቶ ካልደገፈው ሐሳቡ አይሰማም። የእኛ ቅርንጫፍ ተወካዮች ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ ሳራ፣ እና ሊቀመንበራችን ጋሽ አንጁሎ። ከጋሽ አንጁሎ ጋር ደግሞ ከተኳረፍን ሰንብተናል። ምክንያቱ ለእንግዶች ስጦታ የታሰበው የአንገት ልብስ ነው። ጋሽ አንጁሎ የዶርዜ ሰው ነው፤ ሲቀላ ውስጥ ድርና ማግ የሚሸጥበት ሱቅ አለው። የአንገት ልብሱን ዘመዶቹ በእጃቸው ሊሠሩ ተስማምተው ነበር፤ መሐል ላይ ትልቅ ለቅሶ ሆነና ሸማኔው ሁሉ ሥራ አቆመ። ጉባኤው ሲደርስ እኔ ጭንቅ ያዘኝና አዲስ አበባ ስልክ ደውዬ የፋብሪካ አዘዝኩ። ሲመጣ የዶርዜ ጥለት በማሽን የታተመበት ነው። ጋሽ አንጁሎ አንዱን አንስቶ በሁለት ጣቱ ያዘው፣ መልሶ ካርቶኑ ውስጥ ጣለው፣ ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለም። እኔ ትክክል ነበርኩ። አሁንም ትክክል ነበርኩ እላለሁ፤ እንግዳ ባዶ እጁን አይሸኝም።

ጉባኤው ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ሱቁ ሄድኩ። ረቂቁን አንብቦታል። ጋሽ አንጁሎ አማርኛ ሲናገር የወንዱንና የሴቱን ነገር ያቀላቅላል፤ እኔም ማረም ከተውኩ ቆይቻለሁ።

«ቲቸር፣ ይሄ ሦስተኛው ጥሩ አይደለም። ሳራ የኛ ልጅ ነው» አለኝ። «ግን እኔና አንቺ ተኳርፈን አንድ ቃል ይዘን ሸንጎ አንቀመጥም። ጎሜ ነው።»

ጎሜ በእኛ በጋሞዎች ዘንድ ነውር ከሚለው ቃል ይከብዳል። ሰው ያፈረሰው ሥርዓት ተመልሶ እሱን፣ ልጁን፣ እርሻውን የሚይዝበት ነገር ነው። የተጣላ ሰው ሳይታረቅ ሸንጎ ከተቀመጠ የተናገረው ሁሉ ይበላሻል። እኔም የደጋ ልጅ ነኝ፤ ይህን አላውቅም ማለት አልችልም። ግን ዲግሪ ይዤ ከተማ ከኖርኩ ወዲህ ጎሜ ለአባቶቼ ነው ብዬ ትቼው ነበር። በል ይቅርታ፣ እንጨርሰው አልኩት። ሳቀ። በዚህ ሁሉ ክር መሐል እርቅ እንደሌለ፣ ሽማግሌ እንዲሰማን ነገ ዶርዜ መውጣት እንዳለብን ነገረኝ። ነገ ማለት የመክፈቻው ዕለት ነው፤ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር የማደርገው እኔ ነኝ፣ ቀሚስም አሰፍቻለሁ። ተናድጄ ወጣሁ፣ እስከ መናኸሪያው ሄጄ ተመለስኩ፣ በስንት ሰዓት እንደምንነሳ ጠየቅኩት። የውጭ ጉዳዩ የሚቀርበው በሁለተኛው ቀን ነው፤ እስከዚያ እንደርሳለን።

ንግግሬን ሌላ ሰው አነበበው። እኔ በጠዋት በጭነት መኪና ጋቢና ከጋሽ አንጁሎ አጠገብ ተቀምጬ፣ አንድ ቃል ሳንነጋገር፣ ያን ጠመዝማዛ መንገድ ወጣሁ። ዛሬ ቱሪስት በየመታጠፊያው ቆሞ ሁለቱን ሐይቆች ፎቶ የሚያነሳበት መንገድ ነው። ያኔ ሾፌሩም ተሳፋሪውም ወደ ታች ላለማየት ዓይኑን ይከድን ነበር። ላይ ስንደርስ ጉሙ ቀርከሃውን ሸፍኖታል፤ የተሳቀበት ሹራቤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ አገኘ። ሽማግሌዎቹ ዱቡሻ ላይ፣ ሸንጎ በሚቀመጥበት ሜዳ፣ በየድንጋዩ ተቀምጠው ይጠብቁናል። ሴት በዱቡሻ መሐል ብዙ አትታይም ነበር። ዳር ላይ እንድቀመጥ ቦታ ሲያሳዩኝ እኔ የተጠራሁበትን ጉዳይ ከዳር አልሰማም ብዬ መሐል ላይ ተቀመጥኩ። ማንም አልከለከለኝም፤ እኔም ለምን ቀድሜ እንዳልሞከርኩት ገረመኝ።

ነገሩን የያዙት ሽማግሌ ሰውነታቸው የከሳ፣ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው የጠቀለሉ ሰው ናቸው። መረቁን፤ ከዚያ እኔ የተበደልኩትን ልዘረዝር ስዘጋጅ እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ። በጋሞኛ የነገሩኝን እንዲህ ብዬ አስታውሰዋለሁ፦

«የሱን ቅሬታ አንቺ ተናገሪ። እሱ ‹አዎ፣ ይሄ ነው› እስኪል ድረስ የራስሽን አታንሺ።»

ይህ የሁሉም ሽማግሌ ልማድ ይሁን የሳቸው ብቻ አላውቅም። ቀላል ነው ብዬ ጀመርኩ። ልብሱን ከሌላ ስላዘዝኩ ነው የተቀየመው አልኩ። ጋሽ አንጁሎ አይደለም አለ። ሳላማክረው ስላዘዝኩ። አይደለም። ጥለቱን ማሽን ስለቀዳው። እሱም አይደለም። ጉሙ ተገፈፈ፣ ፀሐይ ወጣች፣ ሽማግሌዎቹ አይቸኩሉም፤ እኔ በልቤ አዳራሹ ውስጥ ማን ምን እያለ እንደሆነ እያሰብኩ እቃጠላለሁ። በመጨረሻ መገመት ሰለቸኝና ሰውየውን አየሁት። ለቅሶው ላይ ከዘመዶቹ ጋር ተቀምጦ ታየኝ። ለቅሶው ሲያልፍ ጨርሰን እናስረክባለን ሲሉት፣ ልብሱ ሌላ ቦታ መታዘዙን አፍ አውጥቶ ሊነግራቸው ሳይችል። ያንን ተናገርኩ። በገዛ ወገኖችህ ፊት ቃልህን አሳጠፍኩህ አልኩ። ጋሽ አንጁሎ «አዎ፣ ይሄ ነው» አለና በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ። የኔን ቅሬታ እሱ በአንድ ጊዜ አገኘው፤ ወንዶቹ ስብሰባ ላይ ሲናገሩ ሥራው በሙሉ እሷ ላይ ወደቀ፣ ጉባኤው ቢበላሽ የሚሰደበው እሷ ነው አለ። ከዚያ ወዲያ ምን እንደተባለ በደንብ አልሰማሁም፤ አልቅሼ ነበር። ነፍሱን ይማረውና ጋሽ አንጁሎ እስኪሞት ድረስ ከዚያ ቀን በኋላ ተኳርፈን አናውቅም።

ስንወርድ ግን አፋችን አልተዘጋም። ለክርክሩ ያዘጋጀሁት ሌላ ንግግር ደንቡን የሚጠቅስ፣ ሕግ የሚጠቅስ፣ ጥሩ ንግግር ነበር። ትቼው አንድ ጥያቄ ብቻ እንዳነሳ ወሰንን። ይህ ጉባኤ አንዲትን አገር ከማውገዙ በፊት፣ ረቂቁን ያዘጋጀው ሰው የዚያችን አገር ቅሬታ በራሱ አፍ ይናገር። እዚያ የተወለደ ሰው ደግሞ «አዎ፣ ይሄ ነው» ይበል። እዚያ የተወለደ ሰው አለን፤ ሳራ አለችን። ሐሳቡ እኔንም ጋሽ አንጁሎንም በጣም አስደሰተን። ሳራን መጠየቅ ትዝ ያለው ግን አልነበረም።

አዳራሹ ዛሬ ለሠርግ ይከራያል፤ በዚያን ቀን ግን ክርክር ነበር የሚሰማበት። ደረታቸውን የነፉ ተወካዮች ተራ በተራ ወጡ፤ አንዱ ስለ ጥንት ጦርነት፣ አንዱ ስለ ዓለም አቀፍ ሕግ፣ አንዱ ስለ ሁለቱም። ጭብጨባው ጣሪያውን ያናውጣል። የኔ ተራ ሲደርስ ማሻሻያ አለኝ አልኩ፤ ጋሽ አንጁሎ ተነስቶ የአርባ ምንጭ ቅርንጫፍ ይደግፋል አለ። ጥያቄዬን አቀረብኩ፣ ሳራንም በእጄ አሳየሁ። የተወካይነት ባጇን አንገቷ ላይ እንዳደረገች፣ ለተናጋሪዎች ውኃ የምታዞርበትን ሰርቪስ ይዛ በሩ አጠገብ ቆማለች። አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አያት። ሰርቪሱን ወንበር ላይ አስቀመጠችው።

«እኔን ያ አገር አልወከለኝም» አለች። «የዚያ መንግሥት በደልም ጥፋትም የኔ አይደለም። ስለነሱ አዎም አይደለምም አልልም።»

ያኔ ገባኝ። ሦስተኛው አንቀጽ የሠራውን ሥራ እኔም እየሠራሁ ነበር፤ ከተወለደችበት አገር ጋር አንድ ላይ አስሬ አቆምኳት፣ ያውም በጓደኝነት ስም። ልቀመጥ ስል ጋሽ አንጁሎ ሹራቤን ከኋላ ያዘ። ሳራ አልጨረሰችም ነበር።

«ከፈለጉ የኔን ይናገሩ» አለች፣ አቶ ይትባረክን እያየች። «እኔ እዚህ ቆሜያለሁ።»

መድረኩን የሚመራው ሰው ሊያልፈው ፈለገ፤ አቶ ይትባረክ ግን ተነሱ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ስለ ሌላ ወገን አቋም ሲያስረዱ የኖሩ ሰው ናቸውና ሥራው የማይከብዳቸው መስሏቸው ነበር። አባልነትዎን ማጣት ያሳስብዎታል አሉ። አይደለም አለች። ሰው በጥርጣሬ ዓይን እንዳያይዎት ይሰጋሉ። አይደለም፣ እሱን ለምጄዋለሁ አለች። ትምህርቱ እንዳይቋረጥ። እሱም እንዳልሆነ ራሷን ነቀነቀች። አቶ ይትባረክ መነጽራቸውን አውልቀው ረቂቁን ራቅ አድርገው ያዙት፣ መልሰው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ቀጥለው ሲናገሩ ድምፃቸው ቅድም የነበረው አልነበረም።

«እዚህ አገር ያገቡ፣ እዚህ የቀበሩ፣ እዚህ የሠሩ ሰው ነዎት። ባላደረጉት ነገር የጠየቅንዎት ቅርብ ስለሆኑልን ነው። እነሱን መድረስ ስላልቻልን እርስዎን ያዝን።»

«አዎ» አለች ሳራ። «እሱ ነው።»

ከአዳራሹ አንድም ሰው አላጨበጨበም። ሳራ በወንበሮቹ መሐል አልፋ ወደ ፊት ቀረበች፣ አሁን ደግሞ የእርስዎን እኔ ልናገር ብላ ፈቃዳቸውን ጠየቀች። በጉባኤው ዋዜማ ራት ላይ ሁለቱ ረጅም ሰዓት ሲያወሩ አይቻቸዋለሁ፤ ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም ነበር። አቶ ይትባረክ ይናገሩ አሉ።

«ባለቤትዎ የተቀበረችው እኔ በተወለድኩበት ከተማ ነው። በአንድ ቀን ውጡ ሲሉዎት መቃብሯን እንኳ አልተሰናበቱም። ከዚያ ወዲህ ለሙት ዓመቷ ልሂድ ባሉ ቁጥር ይከለክሉዎታል።»

«አዎ» አሉ፤ ከዚያ ተቀመጡ። ስለሳቸው ያሰብኩትን ሁሉ አስታወስኩና በራሴ አፈርኩ። ክፉ ሰው ይመስሉኝ ነበር፤ ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ደግሞ ክርክሩ ይቀለኝ ነበር። ማይክሮፎኑን አስመጡና ሳይነሱ ተናገሩ። ሦስተኛው አንቀጽ ከረቂቁ ይውጣ አሉ፤ አንደኛውንና ሁለተኛውን ግን አላነሳም፣ ድምፅ ይሰጥባቸው። ሦስተኛው በሙሉ ድምፅ ወጣ። ጋሽ አንጁሎ ጉልበቴን መታ አደረገኝ። ሳራ ቀረችልን፣ የእሁዱ ክፍል ቀረልን፤ እንግዲህ ተራው የሌሎቹ ነው፣ ረቂቁን በሙሉ እንጥለዋለን ብዬ ተዘጋጀሁ። ሁለተኛው ወደቀ፤ ድንበሩ ይዘጋ የሚለውን ብዙ ሰው አልደገፈውም። ለአንደኛው፣ ለማውገዙ፣ መድረኩን የሚመራው ሰው የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ አለ። እኔ እጄን አጥፌ ዞር ብዬ ስመለከት ሳራ እጇን አውጥታለች። ቀጥ አድርጋ፣ ተመልሳ በቆመችበት በር አጠገብ፣ ሁሉም እንዲያያት አድርጋ። አንቀጹ አለፈ።

ሰው ለምሳ ሲወጣ እኔ ወደ ጓሮ ሄድኩ። ከበቆሎ ዱቄት የሚድበለበለው ኩርኩፋ ከሀለኮ፣ ማለት ከሽፈራው ቅጠል ጋር ተሠርቶ በትልቅ ድስት ቀርቧል፣ እንግዶቹ ምንድን ነው እያሉ ይጠይቃሉ፣ እኔ ግን ምግብ አላሰኘኝም። ሳራ ቧንቧው ጋ ቆማ የተናጋሪዎቹን ብርጭቆ ታጥባለች። የሆዴን ሁሉ አወጣሁት። ለሷ ስል ዶርዜ እንደወጣሁ፣ ንግግሬን ሌላ ሰው እንዳነበበው፣ ከሰው ሁሉ እንደተጣላሁ፣ እሷ ግን በመጨረሻ ከነሱ ጋር እጇን እንዳወጣች ነገርኳት። ውኃውን ዘጋችው።

«ሰው ገድለዋል እኮ፣ አስናቀች። የተወለድኩበት ስለሆነ ዝም ልበል?»

ማውገዝ ምን ይጠቅማል፣ ነገሩን ያባብሳል እንጂ አልኳት። በዚህ እስከ ዛሬም አልተስማማንም። ሳራ እጇን በቀሚሷ አደረቀችና አየችኝ።

«አባል ሆኜ እንድቀር ነው የታገልሽው? ወይስ አንቺ ባልሽው ብቻ እጄን የማወጣ ያንቺ አባል እንድሆን?»

ፎጣ አነሳሁና ብርጭቆዎቹን እያደረቅኩ መደርደር ጀመርኩ።